ጭሱን የጨረሰ እንጨት፦ የጥብስ ከሰል መምረጥና ማክሰል

ፋሲካ ሲገባ ወይም አረፋ ሲደርስ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ እስከ ወልዲያ በየጓሮው የሚነሣው ሽታ አንድ ነው፤ ፍም ላይ የሚንጠባጠብ የበግ ስብ። የወሎ ሰው ሥጋውን በየሃይማኖቱ አርዶ ለየብቻው ይበላል፤ ከሰሉን ግን ከአንድ ገበያ ይገዛል፣ እሳቱ የቀደመለትም ለጎረቤቱ ፍም ያካፍላል። ስለ በግ አመራረጥ ሁሉም ሰው አዋቂ ነው። ላቱን ይጨብጣል፣ ወገቡን ይዳብሳል፣ ጥርሱን ገልጦ ያያል፣ ከሻጩ ጋር ግማሽ ቀን ይከራከራል። ከሰል ለመግዛት ግን ያገኘውን ልጅ ይልካል።

እኔም እንዲሁ ነበርኩ። አንድ የበዓል ዋዜማ ከመንገድ ዳር አንድ ማዳበሪያ ከሰል ገዝቼ ገባሁ። ከላይ የተደረደረው ትልልቅና ጥቁር ስለነበር አላገላበጥኩትም። በማግስቱ እሳቱ ተያያዘ፣ ፍርግርጉ ተጣደ፣ የጎድን አጥንቱ ተደረደረ። ወዲያው ጭሱ መጣ፤ ቢጫ፣ ወፍራም፣ ዓይን የሚያስነባ ጭስ። እናቴ ከማድ ቤት ወጥታ "ምን እየነደደ ነው?" ብላ ጠየቀች። ሥጋው ሲወርድ ላዩ ጥቁር ቅባት የለበሰ ይመስል ነበር፤ ሲቀመስም ምላስ ላይ የሚቀር ምሬት ነበረው። የዓመት በግ በአንድ ማዳበሪያ መጥፎ ከሰል ተበላሸ።

ነገሩን በቁም ነገር የያዝኩት ከዚያ ወዲህ ነው። አክሳዮችን ጠይቄያለሁ፣ ገበያ ላይ ከሰል ሰብሬ አይቻለሁ፣ በጓሮዬም በበርሜል አክስያለሁ። የተማርኩት ሁሉ የሚያያዘው በአንድ ነጥብ ላይ ነው፦ ከሰል ማለት ጭሱን የጨረሰ እንጨት ነው። ማክሰያው ውስጥ ያላለቀ ጭስ የሚያልቀው ሥጋችሁ ላይ ነው።

እንጨቱ ውስጥ የሚሆነው

እንጨት ሲነድ ስናይ ነበልባሉ ከእንጨቱ ከራሱ የሚወጣ ይመስለናል። በእርግጥ የሚነደው ከእንጨቱ የሚወጣው ጋዝ ነው። እንጨት ሲሞቅ የተሠራባቸው ነገሮች ይፈራርሱና ወደ ጋዝና ወደ ተን ይለወጣሉ። ያ ተን አየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር ተገናኝቶ ሲቀጣጠል ነበልባል ይሆናል፤ ሳይነድ ሲያመልጥ ደግሞ ጭስ እንለዋለን። ጋዙ ወጥቶ ሲያልቅ የሚቀረው ጥቁር አጽም አብዛኛው ካርቦን ነው። እሱም ይነዳል፤ ነገር ግን ያለ ጭስና ያለ ትልቅ ነበልባል፣ ከላዩ እየጋለ፣ ቀስ ብሎ። እንግዲህ ማክሰል ማለት የመጀመሪያውን መቃጠል አስጨርሶ ሁለተኛውን ሳይጀምር ማቆም ነው። ለዚህ ያለን መሣሪያ አንድ ብቻ ነው፤ አየር መንፈግ።

የሙቀቱን መንገድ በቁጥር ብንከታተለው ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። እስከ 110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ እንጨቱ የሚደርቀው ብቻ ነው፤ ውሃው ሙቀቱን እየበላ ወደ እንፋሎት ይለወጣል። እርጥብ እንጨት የሚያከስል ሰው ከእንጨቱ ብዙውን ክፍል የሚያቃጥለው ውሃ ለማፍላት ነው የሚባለው ለዚህ ነው። ከ110 እስከ 270 ዲግሪ የቀረው እርጥበት ይወጣል፤ እንጨቱም መፈራረስ ይጀምርና እንደ ኮምጣጤ የሚጎፈንን ተን ያወጣል። ከ270 እስከ 290 ዲግሪ ሲደርስ ነገሩ ይገለበጣል። እስከዚያ ድረስ ሙቀት ሲቀበል የቆየው እንጨት ከዚህ በኋላ ራሱ ሙቀት ይሰጣል፤ ከውጭ እሳት ባይጨመርለትም መፈራረሱን ይቀጥላል። 400 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መልኩም ቅርጹም ከሰል ሆኗል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በ400 ዲግሪ የቆመ ከሰል ለዓይን ሙሉ ከሰል ቢመስልም፣ ከክብደቱ ወደ 30 በመቶ የሚጠጋው ገና ውስጡ የታሰረ ቅጥራን ነው። ቅጥራኑ እንዲወጣ ሙቀቱ ወደ 500 ዲግሪ መድረስ አለበት። ያን ጊዜ ካርቦኑ ወደ 75 በመቶ ይጠጋል፤ ጥሩ የሚባለው የገበያ ከሰልም ይህ ነው። የዚያ ዕለት የእኔ ከሰል ግን ቅጥራኑን ይዞ ጆንያ የገባ ነበር። ቶሎ ያቆመ አክሳይ ብዙ ከሰል ያነሣል፤ ጠብቆ ያቆመ ደግሞ ጥቂት፣ ግን የጠራ ያነሣል። ስለዚህ ጥሩ ከሰል ሁለት ብር ሲጨምርባችሁ አትከፉ፤ የምትከፍሉት አክሳዩ ሳይተኛ ላደረበት ሌሊት ነው።

ጆንያው ፊት ስትቆሙ

ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በሰኞ ገበያዋ ከደጋ የወረደውና ከአፋር የወጣው ሰው ይገናኛል። እዚያ አንዲት ከሰል የሚሸጡ እናት አግኝቼ ለጥብስ የሚሆን እንደምፈልግ ነገርኳቸው። መልስ አልሰጡኝም። ከጆንያው አንድ ከሰል አንሥተው በሌላው መቱትና "ስማው እስቲ ልጄ" አሉኝ። ጠርሙስ በጥፍር የተነካ ያህል የጠራ ድምፅ ሰጠ። ከሌላ ጆንያ ደግሞ አንሥተው መቱ። ድምፁ የታፈነ፣ እንጨት በእንጨት ላይ የወደቀ ዓይነት ነበር። "ይህ ገና ነው። ቤት ወስደህ ታጨሰዋለህ እንጂ አትጠብስበትም" አሉ። የራሳቸውን ሸቀጥ ነበር እንደዚያ ያሉት፤ እስከ ዛሬ አከብራቸዋለሁ።

ድምፁ የሚናገርበት ምክንያት አለ። ቅጥራኑ ተሟጥጦ የወጣ ከሰል ውስጡ ደረቅና ጠንካራ ስለሆነ ይጮኻል። ቅጥራን ወይም ውሃ ያለበት ግን ድምፁን ያፍናል። ጆሮ ካላረካችሁ ስበሩት። በደንብ የከሰለ እንጨት ሲሰበር ቀጥ ብሎ ይቆረጣል፣ አዲሱ ፊቱ ያብረቀርቃል፣ የእንጨቱ የዕድሜ ቀለበት ሳይቀር ይታያል። መሀሉ ላይ ቡና የመሰለ ቀለም ካያችሁ ያልበሰለ ነው። አሽትቱትም፤ የበሰለ ከሰል ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም፤ ያልበሰለው ግን የጭስ ቤት ይሸታል።

ከዚያ ወደ ጆንያው ሥር እንውረድ። ከሰል በእኛ አገር በአብዛኛው የሚሸጠው በኪሎ ሳይሆን በስፍር፣ በማዳበሪያ ወይም በመደብ ነው። ስለዚህ የሚያሳስበን ምን ያህል ይመዝናል የሚለው ብቻ ሳይሆን ምን ተሞላበት የሚለውም ነው። ከላይ ቡጢ የሚያህለው ተደርድሮ ከሥር ድቃቂው የተሞላበትን ጆንያ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ከሥሩ ዳብሱት፤ እንደ ዱቄት ከሸሸ ተዉት። ድቃቂ ለጥብስ የማይሆነው ስለማይነድ አይደለም፤ በከሰሎቹ መካከል ያለውን የአየር መተላለፊያ ስለሚደፍነው ነው። ለጓሮ ጥብስ ከእንቁላል እስከ ቡጢ የሚደርስ መጠን ይበቃል። ከቡጢ የበለጠውን በመዶሻ ትሰብሩታላችሁ፤ ድቃቂውን ግን መልሳችሁ ማጣበቅ አትችሉም። አፈርና ጠጠር የተቀላቀለበት ከሰልም ብዙ አመድ ይተዋል። ዝናብ የነካውን ደግሞ ፀሐይ ላይ ዘርግቶ ማድረቅ ይበቃዋል፤ ሳይደርቅ ከተቀጣጠለ ውሃው ውስጡ እየፈላ ብልጭታ ይረጫል።

የእንጨቱ ዓይነትስ? ልዩነት አለው፤ ነገር ግን ሰው እንደሚያስበው ያህል አይደለም። በደንብ የከሰለ ባሕር ዛፍ ካልበሰለ ግራር ይበልጣል። በእኩል ቢከስሉ ግን ከባድ እንጨት ከባድ ከሰል ይሰጣል፤ ከባድ ከሰል ደግሞ ቀስ ብሎ ይያያዛል፣ ረጅም ሰዓት ይቆያል። የቆላው ግራር ስሙ የገነነው ለዚህ ነው። ባሕር ዛፍ ቀለል ያለ ነው፣ ቶሎ ይያያዛል፣ ቶሎም ያልቃል፤ ለቡናና ለበቆሎ እሸት ከእሱ የሚሻል የለም፤ ለጎድን ጥብስ ግን መሀል ላይ መጨመር ይፈልጋል። ክትክታ ቁጥቋጦ ቢሆንም እንጨቱ ጠንካራ ነው፤ ከሰሉ ትንንሽ ይሁን እንጂ ኃይለኛ ነው።

ከአፋር በኩል የሚመጣው ፕሮሶፒስ ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል። ይህ እሾሃማ ዛፍ ከውጭ መጥቶ የግጦሽ መሬቱን የወረረ ነው፤ አርብቶ አደሩ ከብቱን የሚያሰማራበት አጥቷል። እንጨቱ ከባድ ስለሆነ ከሰሉ ከግራር አይተናነስም። እኔ ምርጫ ካገኘሁ የምገዛው እሱን ነው፤ አገሬው መጥፋቱን የሚመኘውን ዛፍ ማቃጠል አይቆጨኝም። ከሥሩ ካልተነቀለ ግን መልሶ ያቆጠቁጣል።

የወይራና የጥድ ከሰል አልገዛም። ጥድ ብልጭታ ይረጫል፤ ወይራ ግን ከሰሉ ግሩም ነው፣ አልክድም። ነገር ግን ወይራ ዛሬ ተቆርጦ የልጅ ልጅ የሚደርስበት ዛፍ ነው፤ በወሎ ተራሮች ላይ የቀረውም በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ቅጥር የተጠለለው ነው ማለት ይቻላል። ባሕር ዛፍ ግን ተቆርጦ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንደገና ይደርሳል። ከወይራ የምፈልገው ሽታውን ነው፤ ለዚያም አንድ እፍኝ ስንጥር ይበቃኛል፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ለከሰልም ለማገዶም የማይነካ እንጨትም አለ። ቁልቋልና ቅንጭብ ወተታቸው መርዛማ ነው፤ ጭሳቸው ዓይንና ጉሮሮ ይጎዳል። ቀለም የተቀባ ሳንቃ፣ ችፑድ፣ ኮምፔንሳቶ፣ ምስጥ እንዳይበላው በኬሚካል የተነከረ የመብራት ምሰሶ ቁራጭ፣ እነዚህ ሁሉ ቢከስሉም ከምግብ ጋር ሊገናኙ አይገባም።

በበርሜል ማክሰል

የአገራችን ነባር ዘዴ የአፈር ክምር ነው። እንጨቱ ይደረደራል፣ ሣርና ቅጠል ይለብሳል፣ ከላይ አፈር ይመለስበታል፣ በአንድ በኩል ይለኮሳል። ከዚያ እንደ ክምሩ ትልቀት ለቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንት በላይ ይጠበቃል። አፈሩ በተሰነጠቀ ቁጥር አየር ይገባል፤ አየር የገባበት በኩል ወደ አመድ ይለወጣል። አክሳዩ ሌሊት ተነሥቶ ስንጥቁን በአፈር ይደፍናል። በዚህ ዘዴ ከ100 ኪሎ እንጨት የሚገኘው ከ8 እስከ 15 ኪሎ ከሰል ነው። ሥራው አደገኛም ነው፤ ውስጡ የተቦረቦረ ክምር ላይ የረገጠ ሰው እሳት ውስጥ ይገባል። ለጓሮ ፍጆታ ይህን መሞከር አያስፈልግም። 200 ሊትር የሚይዝ አሮጌ በርሜል ይበቃል፤ በጥንቃቄ ከተያዘ ከ100 ኪሎ ወደ 20 ኪሎ ይሰጣል።

በርሜሉን ስትመርጡ ፀረ ተባይ ወይም ሌላ ኬሚካል የነበረበትን አትንኩ። ነዳጅ የነበረበት ከሆነ ባዶ ቢመስልም ውስጡ የቀረው ተን ይፈነዳል፤ በብየዳ ወይም በሚያብለጨልጭ መቁረጫ ፈጽሞ አይከፈትም። የምግብ ዘይት የነበረበት ይሻላል። ክዳኑ ሙሉ በሙሉ እንዲነሣ ሆኖ በመሮና በመዶሻ ይከፈታል፤ ከታች ወለሉ ላይ ሁለት ጣት የሚያስገቡ አምስት ያህል ቀዳዳዎች ይበሳሉ። ከዚያ ከቤት ራቅ ብሎ ሜዳ ላይ ባዶውን አንድ ጊዜ እሳት ይነድበት፤ የቀረው ቀለምና ቅባት ይጥፋ። ክዳን ለመሥራት ብላችሁ የቤት ክዳን ቆርቆሮ አትጠቀሙ፤ ላዩ የተለበጠው ዚንክ ሲግል የሚያወጣው ተን ለሳንባ አይበጅም። ተራ ላሜራ ይሁን።

እንጨቱ ተቆርጦና ተፈልጦ ጥላ ውስጥ ሁለት ሦስት ወር ይድረቅ። ከዚህ የሚበልጥ ሚስጥር የለም፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። ውፍረቱ እጅ አንጓ የሚያህል፣ ርዝመቱ ክንድ የማይሞላ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አንዱ ከሌላው የተቀራረበ ይሁን። ቀጭንና ወፍራም ከተቀላቀለ ቀጭኑ አመድ ሲሆን ወፍራሙ ገና መሀሉ ቡናማ ነው። ገበያ ላይ የምናየው አብዛኛው ያልበሰለ ከሰል የመጣው ከዚህ ይመስለኛል፤ አክሳዩ ሰንፎ ሳይሆን እንጨቱ ስላልተመጣጠነ።

በርሜሉ በሦስት ጉልቻ ላይ ይቀመጣል፤ አየር ከሥር እንዲገባ። ወለሉ ላይ በጭራሮ እሳት ይያያዝና እንጨቱ ጥቂት በጥቂት ይጨመራል። እሳቱ ሲይዝ እስከ አፉ ይሞላል፤ ክዳኑም በአንድ በኩል ድንጋይ ተደርጎበት ገርበብ ይላል። ከዚህ በኋላ ሥራችሁ ጭስ ማንበብ ነው።

መጀመሪያ የሚወጣው ነጭና ወፍራም ነው፤ እንደ ደመና ይከብዳል። ብርድ ድንጋይ ብትይዙበት ያልባል፤ አብዛኛው የውሃ እንፋሎት ነውና። ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ቀለሙ ወደ ቢጫና ወደ ግራጫ ይዞራል፤ ዓይን ያቃጥላል፣ በክዳኑ ጠርዝ ላይ ቡናማ ጠብታ ይንጠለጠላል። ያ ጠብታ ቅጥራን ነው፤ የእኔን ሥጋ ያበላሸው እሱ ነበር። በዚህ ጊዜ ማጣደፍ ያምራል፤ አትቸኩሉ። በርሜሉን ስከታተል የቆየሁበትን የመጀመሪያ ቀን አስታውሳለሁ። ጭሱ ቢጫ ሆኖ የማያልቅ መስሎኝ ነበር፤ ከዚያ ድንገት ሳሳ። ከክዳኑ በላይ ያለው አየር እንደ በጋ አስፋልት ይንቀጠቀጣል፤ ጭሱ ግን ሰማያዊ ክር ብቻ ነው፤ በስተጀርባው የጎረቤት አጥር ቁልጭ ብሎ ይታያል። እንጨቱ ጭሱን ጨረሰ ማለት ይህ ነው። ከዚህ በኋላ የሚነደው ከሰሉ ስለሆነ እያንዳንዱ ደቂቃ ኪሳራ ነው።

ወዲያው የበርሜሉ ሥር ዙሪያውን በአፈር ይደፈናል። ቀጥሎ ክዳኑ ይገጠምና ጠርዙ በጭቃ ይለሰናል። ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ጭድ ጨምሩበት። ትንሽ ጭስ የሚያመልጥበት ካለ አየርም የሚገባበት እሱ ነው፤ ድፈኑት። በደረቅ እንጨት ከለኮሳችሁበት እስከ ደፈናችሁበት ድረስ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሰዓት አትቁጠሩ፣ ጭሱን እዩ።

ከዚያ 24 ሰዓት አትንኩት። እኔ የመጀመሪያውን ቀን በአሥር ሰዓቱ ከፍቼው ነበር። በርሜሉ ለእጅ ለብ ያለ ብቻ ነበር፤ ውስጡም ጥቁር፣ ጸጥ ያለ ነበር። ክዳኑን ካነሣሁ በኋላ መሀሉ ላይ አንድ ቀይ ነጥብ ታየች። ነጥቧ እጅ አከለች፣ ከዚያ መሶብ አከለች። በውሃ ከማጥፋት በቀር ምርጫ አልነበረም፤ ግማሹ ከሰል ተሰነጣጥቆ ረጠበ። በሰዓቱ ተከፍቶ ቀዝቃዛ ቢሆን እንኳን አዲስ ከሰል በቀጥታ ቤት አይገባም። ትኩስ የወጣ ከሰል ኦክስጅን ከአየር ይስባል፣ በዚያም ይሞቃል፤ ተከምሮ ከተቀመጠ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ሜዳ ላይ ሌላ አንድ ቀን ተዘርግቶ ይደር።

60 ኪሎ ደረቅ ባሕር ዛፍ ካስገባችሁ 12 ኪሎ ያህል ጠብቁ። ሲያዩት ያንሳል። ሆኖም በኪሎ ሲመዘን ከሰል ከደረቅ እንጨት አንድ ተኩል እጥፍ የሚበልጥ ሙቀት ይሰጣል፤ አንድ የበግ ጎድን ለመጥበስ ደግሞ ሁለት ኪሎ የማይሞላ ይበቃል። ለሽያጭ ያሰበ ሰው ግን ዛፉ የራሱ ቢሆንም አስቀድሞ የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ።

ፍሙ ሲደርስ

ከሰል በላምባ ወይም በፌስታል ማቀጣጠል ያን ሁሉ ልፋት ከንቱ ያደርገዋል፤ ጭሱን ጨርሶ የመጣውን ከሰል አዲስ ጭስ ታለብሱታላችሁ። ትልቅ የዱቄት ወተት ጣሳ ውሰዱ፤ ሁለቱን ጫፍ ቁረጡት፤ ከሥሩ ዙሪያውን ብሱት። ምድጃው ላይ አቁሙት፣ ከሥር ደረቅ የባሕር ዛፍ ልጥ፣ ከላይ ከሰል። አየሩ ከታች እየተሳበ ስለሚወጣ ማራገቢያ ሳያስፈልግ ይያያዛል። ሲቀላ ጣሳውን በጉጠት አንሡት።

እዚህ ላይ የደሴ ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ፍሙ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ የምድጃው የአየር በር ሰፋ ይበል፣ አመዱ ቶሎ ቶሎ ይጠረግ፣ ከሰሉም ከቡጢ ያነሰ ይሁን። ያው ከሰል ኮምቦልቻ ወርዶ ሲነድ ይበልጥ ሲፈጥን ብታዩ አትደነቁ፤ ከተማዋ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች።

ሥጋው የሚጣደው ከሰሉ ሲቀላ ሳይሆን ላዩ ግራጫ አመድ ሲለብስ ነው። እሳት ሊጭር የመጣ ይመስል የሚቸኩል ሰው እዚህ ይሸነፋል። አመዱ የለበሰው ፍም የቀረውን ተን ጨርሶ ሙቀቱ የተስተካከለ ነው። መዳፋችሁን ከፍርግርጉ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ያዙ፤ ሁለት ሦስት እስክትቆጥሩ ብቻ ከቻላችሁ ለቁርጥራጭ ጥብስ የሚሆን ብርቱ እሳት ነው፤ አምስት ድረስ ከቻላችሁ ለጎድንና ለሐይቅ ዓሣ ይስማማል።

ፍሙን በሙሉ ምድጃው ላይ አትዘርጉት። ወደ አንድ ወገን ሰብስቡት፣ ሌላው ወገን ባዶ ይሁን። የበግ ስብ ፍም ላይ ሲወርድ ነበልባል ይነሣል፤ የሚወጣው ጥላሸትም ለጤና የማይበጁ ንጥረ ነገሮችን ይዞ ሥጋው ላይ ይለጠፋል። ነበልባል ሲነሣ ሥጋውን ወደ ባዶው ወገን ማሸሽ ነው። ወይራው የሚገባው አሁን ነው፤ የወደቀ ደረቅ ቅርንጫፍ ተሰንጥሮ አንድ እፍኝ ፍሙ ላይ ይጣላል። የወተት ዕቃና የጠላ ጋን የምናጥንበት ያ ሽታ ሥጋው ላይ ለስለስ ብሎ ያርፋል። ጭስ ጠላት ነው ስል ቆይቼ ጭስ ማስገባቴ አይገርማችሁ፤ ደረቅ ወይራ ክፍት አየር ላይ የሚሰጠው ቀጭን ጭስና ታፍኖ የቀረ ቅጥራን አንድ አይደሉም።

የማይታየው ጭስ

ይህን ክፍል ሌላውን ያላነበበ ሰው እንኳን እንዲያነበው እፈልጋለሁ። ከሰል የሚታየውን ጭስ ይጨርሳል እንጂ ሁሉንም አይጨርስም። በደንብ የተያያዘ ከሰል ላይ ማታ ማታ ትንንሽ ሰማያዊ ነበልባል ሲዘል አይታችሁ ይሆናል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲነድ ነው። ፍሙ ውስጥ ኦክስጅን ሳይበቃ ሲቀር የሚፈጠር፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ነው። ሰማያዊ ሆኖ ሲነድ እናየዋለን፤ ሳይነድ ሲወጣ ግን ምንም አናይም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል።

የደሴ ብርድ ብርቱ ነው፤ ጥብሱ ካለቀ በኋላ የቀረውን ፍም ወደ መኝታ ቤት አስገብቶ በር መዝጋት የተለመደ ነው። እባካችሁ አታድርጉት። አመድ የለበሰ፣ የማይጨስ፣ የሞተ የሚመስል ፍም እንኳን ይህን ጋዝ ያወጣል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ቤት ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ከጀመረው ምግቡ አይደለም። ሁሉንም ወደ ውጭ አውጡ፣ በርና መስኮት ክፈቱ፣ ወደ ሐኪም ሂዱ። ተኝቶ የያዘው ሰው ግን ራስ ምታቱም አይቀሰቅሰውም። ዝናብ መጣ ተብሎ ምድጃው በረንዳ ውስጥ ገብቶ በላስቲክ ሲጋረድም ያው ነው። ዝናብ ከመጣ ሥጋው ይጠብቅ።

ለቀረው ፍም የተሻለ ቦታ አለው። ክዳን ያለው አሮጌ ብረት ድስት ወይም ጣሳ ጓሮ ውስጥ ይቀመጥ፤ ፍሙ በጉጠት ይለቀምበትና ይከደን። አየር ሲያጣ ይጠፋል፤ በርሜሉን በጭቃ ስንደፍን ያደረግነውም ይኸው ነው። ነጩን አመድ ለጎመኑ ሥር ትበትኑታላችሁ። የጠፋው ከሰል ከአዲሱ ይበልጥ ቶሎ ይያያዛል፤ እናቴ ጠዋት ጠዋት ጀበና የምትጥድበት የበዓል ማግስት ከሰል ይኸው ነው፤ እስከ ሦስተኛው በረካ ያደርሳታል።